ሽምብጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የኪራይ ክፍል፤ በገና ለመቅዳት ድምፁን በምን ላግድ?

የሽምብጡ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ግቢው ውስጥ ከኋላ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ትንሽ የቀረጻ ቤት ላደርጋት ነው ሐሳቤ። 3 በ4 ሜትር ናት። ግድግዳዋ ብሎኬት ነው፣ በውስጥ ተለስኗል፣ በውጭ ግን ሳይለሰን የቀረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ፣ በሩ ላሜራ። አንድ መስኮት አላት፣ እሱም ለመከራዬ ወደ መንገድ ያያል።

የምቀዳው በዋናነት በገናና የሰው ድምፅ ነው፣ አልፎ አልፎ ማሲንቆ። ስለዚህ ጎረቤት እረብሻለሁ ብዬ አልሰጋም። የሚረብሸው ጎረቤት ነው። በገና ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለራስ የሚደረደር ዓይነት ዝግ ያለ ድምፅ ነው ያለው። እሱን ለመያዝ ማይኩን ከፍ ሳደርግ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይገባል። ባጃጅ አለ፣ ከጎን ብየዳ ቤት አለ። ትናንት ማታ የቀዳሁትን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከድርደራው መሀል የጎረቤት ልጅ «እማዬ ጨርሻለሁ» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። ምን እንደጨረሰ አልጠይቅም።

ሌላው ጣጣ ቆርቆሮው ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። ርግቦች ሲሄዱበት የጥፍራቸው ድምፅ ይገባል። ክረምት ሲመጣማ አይወራ።

ያሰብኩት ስፖንጅ ገዝቼ አራቱንም ግድግዳ መለጠፍ ነው። ጓደኛዬ «ምን ብር ታባክናለህ፣ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል» ይለኛል። አከራዬ እትዬ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ግድግዳቸው ሲበሳ ማየት አይወዱም። ኪሴም ያው ነው። ከየት ልጀምር?

---

ቀራጩ ከፔዳ፦

ስፖንጁን አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ።

ያለብህ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ማገድ። ሌላው ውስጥ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንዳያስተጋባ ማድረግ። ስፖንጅ የሚሠራው ለሁለተኛው ብቻ ነው። ባጃጁ በስፖንጅ ውስጥ እንደልቡ ያልፋል።

ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው። ሒሳቡን ተመልከተው። 2 ሳንቲሜትር የሲሚንቶ ልስን በአንድ ካሬ ሜትር 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ ብዙም አይርቅም። የግድግዳህን ክብደት በእጥፍ ስትጨምር በቀመሩ መሠረት 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ታተርፋለህ፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር ከመቶ ኪሎ በላይ በሚመዝን ብሎኬት ላይ 1 ኪሎ ብትለጥፍ ምን እንደምታተርፍ አንተው ገምት። ለዚያ ነው ያልተለሰነው የውጭ ግድግዳ ከየትኛውም ስፖንጅ በላይ የሚያሳስበኝ። ብሎኬት ራሱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ላዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ ሲሚንቶው የጎደለበት ቦታም አይጠፋም። እትዬን አሳምነህ በመንገድ በኩል ያለውን ብቻ እንኳ ብታስለስን ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱም የሳቸው ስለሆነ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ከክብደት በፊት ግን ክፍተት አለ። አየር ካለፈ ድምፅ ያልፋል። አንድ በር ወርዱ 90 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ነው እንበል። ከሥሩ 2 ሳንቲሜትር ክፍት ከሆነ ከበሩ ስፋት 1 በመቶው ክፍት ነው ማለት ነው። ያቺ 1 በመቶ ብቻዋን በሩን 20 ዴሲቤል ላይ ታስቆመዋለች፤ በሩ የባንክ ካዝና ቢሆን እንኳ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ማታ ክፍሉን አጨልም፣ አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በስልክ መብራት በሩንና መስኮቱን ዙሪያውን ያብራ። ብርሃን ባየህበት ሁሉ ምልክት አድርግ። የመጀመሪያ ወጪህ እነዚያን መድፈኛ ነው፤ ለበሩ የጎማ ላስቲክ፣ ለመስኮቱ ሲሊኮን።

---

ሚኪ ቢት፦

ብሮ አታካብዱት። እኔ ቤቴን በእንቁላል ካርቶን ነው የሠራሁት፤ ገብተህ ስታጨበጭብ ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ። ድሮ ጭብጨባው «ቸው» ይል ነበር፣ አሁን ደረቅ ነው። ራፕ እቀዳለሁ፣ ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ፔዳ ያለው ወንድማችን ፊዚክስ እያስተማረን ነው 😂

---

ቀራጩ ከፔዳ፦

ሚኪ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ጭብጨባው ደረቅ የሆነው ካርቶኑ የላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ስለሚበትንና ስለሚውጥ ነው። እሱ ሁለተኛው ሥራ ነው። አንድ ነገር ሞክር፤ ስልክህ ላይ ዘፈን ከፍተህ ክፍሉ ውስጥ ተወው፣ በሩን ዝጋና ውጭ ቆመህ ስማ። ከዚያ ካርቶኑ ከሌለበት ክፍል ተመሳሳዩን አድርግ። ራፕ ደግሞ አፍህን ማይኩ ላይ ገትረህ ጮክ ብለህ ነው የምትቀዳው፣ ባጃጅ ቢያልፍም ይዋጣል። በገና እንደዚያ አይደለም።

ስለ ወፍራም ድምፅ ደግሞ፦ የ100 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የክፍሉን ወርድ ያህል ማለት ነው። በ4 ሴንቲ ካርቶን ወይ ስፖንጅ የሚያዝ ነገር አይደለም። የባጃጅ ሞተርና የጀነሬተር ጉርምርምታ ያለው እዚያ አካባቢ ነው።

---

ሚኪ ቢት፦

ሞከርኩት። እሺ። ግን ለማስተጋባቱ ይሠራል ብለሃል አይደል፣ እሱን ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

---

አናጢው፣ ግሽ ዓባይ፦

ልጆች እንዴት አመሻችሁ። በዚህ ሥራ ቆይቻለሁና ስለ ጣሪያው ልናገር፤ ሁላችሁም በሩ ላይ ቀራችሁ።

የሽምብጡ ልጄ፣ አንድ መሰላል ተዋስና ከኮርኒሱ በላይ ተመልከት። ግድግዳህ ቆርቆሮው ድረስ የሚደርስ እንዳይመስልህ። በእነዚህ ሰርቪስ ቤቶች ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ኮርኒሱ አጠገብ ሲደርስ ያቆማል፣ ከዚያ በላይ አጠናና ሞራሌ ነው፣ ቆርቆሮውም ሞገድ ሞገድ ስለሆነ በየሞገዱ ሥር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ድንቢጥ የምትገባበት እሱ ነው። ድምፁም በዚያው ገብቶ ጣሪያው ሥር ይንሰራፋና በስሷ ቺፕውድ በኩል ቁልቁል ይወርድብሃል። ያ «እማዬ» ያለው ልጅ በበር አልመጣም፣ በላይ ነው የመጣው።

እሱን የምትደፍነው በጭቃ ነው። አዎ፣ በጭቃ። ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ የተቦካና የሰነበተ ጭቃ ከባድ ነው፣ በየሞገዱ ቅርጽ ይገባል፣ ርካሽ ነው። ሲለቁም በመዶሻ ተነቅሎ ይወድቃል፣ እትዬም አይቆጡም። የድሮ የጭቃ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ያውቀዋል፣ ደጅ ሰርግ ቢኖር ለሊቱን ተኝተህ ታድራለህ። ሲሚንቶም ይሆናል፣ ግን ቆርቆሮው በፀሐይ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ቢሰነጠቅም ውኃ ነክተህ መልሰህ ትለቀልቀዋለህ።

ኮርኒሱን ማፍረስ አያስፈልግም። ከሱ ሥር ሌላ ሥራ። ሞራሌ ከግድግዳ ግድግዳ፣ በ3 ሜትሩ በኩል ታጋድማለህ። ዋናው ነገር አዲሱ ሞራሌ የላይኛውን እንጨት እንዳይነካ ነው፤ አንድ ሚስማር እንኳ ካገናኛቸው የዝናቡ ድብደባ በዚያ ሚስማር ይወርዳል። ከዚያ ጂፕሰም ቦርድ ሁለት ድርብ፣ የሁለተኛው መገጣጠሚያ በመጀመሪያው ላይ እንዳይገጥም አድርገህ ትመታለህ። በሁለቱ ኮርኒሶች መሀል ጥጥ ወይም የተገኘውን የሱፍ ዓይነት ትነሰንሳለህ። ጠቅጥቀህ አትሙላው፣ አየር ይኑረው። ቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይቀንስብሃል። ለዚህ ሥራ አራቱም ዳር ላይ ግድግዳ መብሳት ግድ ነው፣ ስለዚህ እትዬን ቀድመህ አስፈቅድ፤ ኮርኒስ እየሠራሁልዎት ነው በላቸው፣ ውሸትም አይደለም።

ክረምቱን ግን ሙሉ በሙሉ አታሸንፈውም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የባሕር ዳር ዝናብ እንዲህ ያለ ኮርኒስ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለህ።

ጥጡን ስትገዛ ለአይጥ አስብ። አይጥ ጥጥ ካገኘች ልጆቿን አሳድጋ ድራ ነው የምትወጣው።

---

የሽምብጡ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወጥቼ አየሁት። እንዳሉት ነው፤ ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በላይ ክፍት ነው፣ ጭራሽ የጎረቤት ብርሃን ይታያል። ጭቃውን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ፣ ቡኪው ስንት ቀን ይሰንብት?

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ሐይቁ ዳር ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ደንገል በርካሽ ይገኛል። እሱን አስሬ ግድግዳው ላይ ባቆመውስ?

---

አናጢው፣ ግሽ ዓባይ፦

ቡኪው እያደር ቢታሽ ይሻላል። ጭዱ መሽተት ሲጀምርና እጅ ላይ ሲያዝ ደርሷል፣ በቀን አትቁጠረው።

ደንገል የሚንሳፈፈው ቀላል ስለሆነ ነው፣ ውስጡ አየር ነው። ቅድም ልጁ ክብደት ነው ያለህን አስብ። ለማገድ አይሆንህም። ለማስተጋባቱ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ለዓይንም ያምራል፤ ግን ሲደርቅ ይፈረካከሳል፣ ነፍሳትም ይወዱታል። ለፎቶ ካልፈለግኸው ተወው።

---

ሶኬት ነኝ (ኤሌክትሪሺያን)፦

ሁላችሁም ስለ ድምፅ አወራችሁ፣ ስለ እሳት አንድ ሰው አላነሳም።

ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው። በደቂቃ ውስጥ ነው የሚንቀለቀለው፣ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳይናይድ አለበት፣ ሰው ከእሳቱ በፊት በጭሱ ነው የሚሞተው። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ቤት መድረኩ ጀርባ ድምፅ ይከላከላል ተብሎ በተለጠፈ ስፖንጅ ላይ የርችት ፍንጣሪ አርፎ 100 ሰው አለቀ። በ2013 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ 242 ሰው። ሁለቱም ቦታ ስፖንጁ የተለጠፈው «ድምፅ እንዳይወጣ» ነበር። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ወረቀት ነው፣ ሚኪ ሆይ ስማ።

በገና የምትደረድሩ ሰዎች ጧፍ ማብራት ትወዳላችሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጧፍ የለም፣ ከሰል የለም፣ ዕጣን የለም። ጸሎቱን ውጭ አድርሰህ ግባ።

የኤሌክትሪክ መስመር ከጥጡ ውስጥ በቀጥታ አታሳልፍ፣ በቱቦ ይሁን። የአምፖሉ ዙሪያ ባዶ ይተው። ማከፋፈያ ገመድ ላይ ማከፋፈያ ገመድ አትቀጥል፤ ኮምፒውተሩን፣ የድምፅ ካርዱንና ስፒከሩን ከአንድ ሶኬት ብታነሣ ያ «እምምም» የሚለው ጉርምርምታም አብሮ ይቀንስልሃል።

ደግሞ በሩን በላስቲክ፣ መስኮቱን በሲሊኮን፣ ጣሪያውን በጭቃ ደፍነህ ሚያዝያ ላይ እዚያ ውስጥ ስትቀመጥ አስበኸዋል? አየር ከየት ይመጣል? ቀላሉ መንገድ መስኮቱን በሲሊኮን ለዘለቄታው ከመድፈን ተነቃይ መዝጊያ መሥራት ነው፤ በመስኮቱ ልክ ሁለት ድርብ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ትቆርጣለህ፣ ዳር ዳሩን ላስቲክ ታደርጋለህ፣ ስትቀዳ ትገጥመዋለህ፣ ስትጨርስ ታወርደዋለህ። ግድግዳም አይበሳም።

---

የአብነት ተማሪ የነበረ፦

እኔ ስለ ሰዓት ልናገር፣ ብር አያስወጣም።

ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ቅዳ። ባጃጅ የለም፣ ብየዳ የለም፣ ቆርቆሮውም በርዶ ስለሚያድር አይንጣጣም። ወደ 11 ሰዓት ሲጠጋ አዛን አለ፣ ከዚያ በፊት ጨርስ። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፤ አጠገብህ ያለው ደብር የማን እንደሆነ አይተህ በዚያ ዋዜማ ሌሊት ማይክህን አታውጣ፣ ማኅሌት በድምፅ ማጉያ ነው የሚቆመው። የእሑድ ሌሊትም እንደዚሁ። በዐቢይ ጾም ደግሞ የአዘቦት ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ቀኑን አትመነው። የውሻውን ነገር እግዚአብሔር ይወቀው።

---

ቀራጩ ከፔዳ፦

ሰዓቱን ያልከው ትክክል ነው፣ ግማሹን ሥራ እሱ ይሠራዋል።

የሽምብጡ፣ የማይኩን ነገር ረስቼው ነበር። ርቀትን በግማሽ ስትቀንስ 6 ዴሲቤል ገደማ ታገኛለህ፤ ከ60 ሳንቲሜትር ወደ 30 ብታስጠጋው በነጻ ነው። ከገበታው ቆዳ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አዙረህ አስቀምጠው፣ እንዚራው (ከየአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚነዝረው እዚያ ነው። ማይክህ ካርዲዮይድ፣ ማለትም ከፊቱ የሚመጣውን ለይቶ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ጀርባው ብዙም አይሰማም፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ስጠው። «ዳይናሚክ (ዝግ ያለ ድምፅ ቶሎ የማይሰማው የማይክ ዓይነት) ግዛ፣ ጫጫታ አያስገባም» የሚሉህን እለፋቸው። በገና ለመያዝ ዳይናሚኩን በጣም ከፍ ማድረግ ስላለብህ ሹሹታ ይመጣል፤ ካለህ በኮንደንሰሩ፣ ዝግ ያለውንም በሚሰማው ማይክ ቀጥል።

ብዙ ሰው የባጃጁን ጉርምርምታ ለማጥፋት ከ80 ወይ ከ100 ሄርዝ በታች ይቆርጣል። ለሰው ድምፅ ግድ የለም። በገና ላይ ግን እዚያ አትቸኩል፣ ወፍራሞቹ አውታሮች ያሉት እዚያው ነው፤ ከቆረጥካቸው እንዚራው ብቻውን ይቀርና ንብ ይመስላል።

ስለ ማስተጋባቱ፦ ከሞራሌ 60 በ120 ሳንቲሜትር የሆነ ፍሬም ሥራ፣ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ውስጡን ጥጥ ሙላ፣ በአቡጀዲ ሸፍን። ጥጡ ከቅዳሜ ገበያ ፍራሽ ሰፊዎች ጋ ይገኛል። ግድግዳው ላይ አትለጥፈው፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ አድርገህ አቁመው፤ ከኋላው አየር ሲኖረው ወፍራሙን ድምፅ የተሻለ ይይዛል፣ ግድግዳም አትበሳም። ሁለቱን ከጎንህና ከጎንህ፣ አንዱን ከኋላህ፣ ሁለቱን ማዕዘን ላይ ብታቆም ለዚያች ክፍል ብዙ ነው። ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አታድርቀው። በገና ትንሽ የቤት ማስተጋባት ይፈልጋል።

---

የሽምብጡ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ቅደም ተከተሌ ይኸው፦ ጭቃው፣ ከዚያ የበሩ ላስቲክ፣ ከዚያ የመስኮቱ መዝጊያ፣ ከዚያ ፍሬሞቹ። ኮርኒሱ ብር ሲገኝ። እትዬን ስለ ውጭ ልስኑ አነጋገርኳቸው፣ «ግማሹን አንተ ግማሹን እኔ» ብለዋል።

የቀረኝ ላሜራው በር ነው። ስነካው እንደ ደወል ይጮኻል። ልቀይረው?

---

አናጢው፣ ግሽ ዓባይ፦

አትቀይረው። በውስጥ በኩል 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ በላሜራው ልክ አስቆርጥና በመሀላቸው አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ላስቲክ አድርገህ በብሎን እሰረው። መጮኹን ያቆማል፣ ክብደትም ይጨምራል። ማጠፊያው ግን ለዚያ ክብደት አልተሠራም፣ ከላይ ሦስተኛ ማጠፊያ አስበይድ፤ ብየዳ ቤቱ እንደሆነ ጎንህ ነው። ከሥር በኩል ወለሉ ላይ ደፍ ሥራለትና በሩ ሲዘጋ ላስቲኩ ደፉ ላይ እንዲጫን አድርግ። መወርወሪያውን ጠበቅ ያለ ግዛ፣ ላስቲክ ካልተጨመቀ አይሠራም።